ወፍጮው የሚሰማት ሴት

«እጇን በልቷል። የቀረውን እስኪበላ ነው የምንጠብቀው?»

ድምፁ የባሏ ወንድም የምትኩ ነበር። ጋዲሴ በወፍጮ ቤቱና በመኖሪያ ቤቱ መካከል ባለችው ጠባብ መጋዘን ውስጥ ጎንበስ ብላ ባዶ ከረጢት ትመርጣለች። መጋዘኗን ከሳሎኑ የሚለያት ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ከወዲያ በኩል የሚወራው ሁሉ ሳይፈልጉትም ይሰማል። ምትኩ የሚያወራው ለእናቱ ለአዴ ጉዴ ነው። ሽማግሌዎቹ ከምሳ በኋላ እንደሚመጡ፣ ኦቦ ዋቆም ለዚሁ ጉዳይ ብለው በጠዋት ከጌዶ እንደተነሱ፣ ወፍጮውን ከዛሬ ጀምሮ እሱ እንደሚይዘውና የጋዲሴ ድርሻ አንድም ነገር እንደማይጎድልባት ነገራቸው። «ትረፍ እንጂ፤ ቤቷ ትቀመጥ» አለ በመጨረሻ። አዴ ጉዴ ምንም አልመለሱም። ጋዲሴ መልሳቸውን ስትጠብቅ አንድ ከረጢት በብብቷ እንደያዘች ቆየች። አማቷ ሲስማሙም ሲቃወሙም ዝም የሚሉ ሴት ናቸው፤ በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስትኖር የትኛው ዝምታ የትኛው እንደሆነ ለይታ አታውቅም። ከነገሩ ሁሉ የከነከናት ወፍጮውን ማጣቱ እንኳን አልነበረም። «ቤቷ ትቀመጥ» የምትለዋ ናት፤ ልክ እንደ ተሰበረ ወንበር።

ገብታ መጣላት ትችል ነበር። አልገባችም። የገበያ ቀን ስለሆነ ከሰንቀሌ በኩል የመጡት አስፈጪዎች ገና ሳይረፍድ በሩ ላይ ተሰልፈዋል፤ ግማሹ አህያውን ይዞ፣ ግማሹ በቆሎውን በባጃጅ ጭኖ። ቀሚሷን አራግፋ ወጣች፣ ሞተሩን አስነሳች፣ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ባሏ ዓብዲሳ ከሞተ ወዲህ ይህንን ወፍጮ ብቻዋን ይዛው ኖራለች። የሚፈጨው ጤፍ ይሁን ስንዴ ጩኸቱን ሰምታ ታውቃለች፤ ድንጋዩ መቼ መወቀር እንዳለበት ዱቄቱን በጣቷ አሽታ ትለያለች። አምና በክረምት ግን ቺንጋው፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ እየተንሸራተተ ሲያስቸግራት፣ ሞተሩን ሳታጠፋ በግራ እጇ ገፋ ልታደርገው ሞከረች። ማጥፊያው ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ነበር። ቺንጋው እጇን ከእነ አንባሯ ወሰደው፤ ሐኪሞቹም ከክርኗ በታች የቀረውን ቆርጠው ጣሉት።

ወደ ሥራ የተመለሰችው ቁስሉ እንደደረቀ ነው። ብዙ ሰው ጉድ አለ። እሷ ግን የፈራችው የሰውን ወሬ አልነበረም፤ የፈራችው አንዲት ጥያቄ ናት፣ እሷንም ለማንም አልተናገረችም። ቀኝ እጄ ደግሞ ከተያዘች ሞተሩን በምን አጠፋዋለሁ? ማጥፊያውን ወደ አጠገቧ አስመጣችው፤ ግን አንዷ እጇ ሁልጊዜ እህል መጨመሪያው ላይ ናት። በእግር የሚረገጥ ማጥፊያም ተሞከረ፤ አስፈጪዎች ያስደገፉት ከረጢት እየወደቀበት በቀን ስንት ጊዜ ያጠፋው ነበር። ጥያቄዋን ሳይነገራት ያወቀችው ልጇ ቢፍቱ ናት። ቢፍቱ እዚሁ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላ እናቷን ስታይ ዋለችና፣ ማታ ራት ላይ «እማ፣ በአፍሽ ብታጠፊውስ?» አለቻት።

መጀመሪያ የተሠራው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማይክሮፎን ነበር። «አቁም» ሲባል ሞተሩን እንዲያቋርጥ ሆኖ ተሠራ። ጋዲሴ ሁለት ቀን ሞከረችውና ቃሉን አልወደደችውም። «ልጄ፣ እኔ ስደነግጥ በአማርኛ አልደነግጥም» አለቻት። ቢፍቱ ስቃ ቃሉን ወደ «ዻቢ» ለወጠችው፤ በኦሮምኛ ያው አቁም ማለት ነው። ቃሉ ተስማማ፣ ማሽኑ ግን አልተስማማም። ወፍጮው ሲጮህ የጋዲሴ ድምፅ ጩኸቱ ውስጥ ይሰምጥና ማይክሮፎኑ ጭራሽ አይሰማትም። ቢፍቱ የመስማት ኃይሉን ጨምራ ስታስተካክለው ደግሞ የሁሉንም ሰው ድምፅ መስማት ጀመረ። አንድ የገበያ ቀን በር ላይ አህያ ፈርጥጦ፣ ባለቤቱ ጓደኛውን «ሃሬ ዻቢ!»፣ አህያውን አቁመው፣ ብሎ ሲጮህበት ወፍጮው ቀጥ አለ። አህያው አልቆመም። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ወፍጮውም «ለአህያ የሚታዘዘው» የሚል ስም ወጣለት። ምትኩ ያን ቀን ነበረ፤ ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነው።

ቢፍቱ ሳቁን አልቻለችውም። ማታ ማይክሮፎኑን ነቅላ ሳጥን ውስጥ ወረወረችው። በማግስቱ ጋዲሴ የመጨረሻዋን ስንዴ እየፈጨች ሳለ መጣችና ከኋላዋ አቅፋት ጉንጯን አንገቷ ላይ አሳረፈች። ወፍጮው እየጮኸ ነው። ጋዲሴ ዞር ሳትል «ተይው በቃ፣ አትዘኚ» አለቻት። ቢፍቱ በጆሮዋ የሰማችው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ጉንጯ ተንቀጠቀጠ፤ የእናቷ ጉሮሮ እንደ ንብ ቀፎ ሲርገበገብ በቆዳዋ ተሰማት። ዘላ ተነሳች። «እማ፣ እስቲ ድገሚው! ዻቢ በይ! ቀስ ብለሽ በይው!» እናትየዋ ልጇ ያበደች መስሏት እጇ እህል መጨመሪያው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ወራት ፈጀ። ቢፍቱ የጉሮሮን ንዝረት የሚያነብ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ ሴንሰር ከአዲስ አበባ አስመጣች። በላስቲክ ጨርቅ ሰፍታ ለእናቷ አንገት ማሰሪያ ሠራችለት። ሽቦው በቀሚሷ ውስጥ ወርዶ ወገቧ ላይ ካለች ትንሽ ሳጥን ይገናኛል፤ ሳጥኗም ያለ ሽቦ ሞተሩን ታዛለች። አሁን ማሽኑ ሁለት ነገር ነው የሚያዳምጠው፤ ኮሌታዋ ላይ ያለው ማይክሮፎን የሚሰማውን ድምፅና የጉሮሮዋን መርገብገብ። ሁለቱ ካልተስማሙ አይታዘዝም። ሌላ ሰው ቢጮህ ጉሮሮዋ አይንቀጠቀጥም፤ እሷ ብትናገር ግን ወፍጮው የፈለገውን ያህል ቢጮህ ንዝረቱን አይሸፍነውም። ሞተሩ ብቻ ጠፍቶ ድንጋዩ በፍጥነቱ መዞሩን እንዳይቀጥልም፣ አንድ የጋራዥ ሰው ቺንጋውን አንቆ የሚይዝ ፍሬን ገጠመላቸው። የቀረው ማሽኑን ማስተማር ነበር። ጋዲሴ ስትስቅ፣ ስታስል፣ ጉንፋን ሲይዛት፣ ምግብ እየዋጠች፣ መዝሙር እየዘመረች «ዻቢ» እያለች አስተማረችው። ላብ ሲያስቸግረው ማሰሪያው ተቀየረ፤ ዱቄት ሲገባበት ተሸፈነ። አንገቷን አሳከካት፣ ቻለችው። ከፋሲካ ወዲህ አንድም ቀን አላሳፈራትም። ይህንን ግን ከአስፈጪዎቹ በስተቀር ከዘመድ ወገን ቀርቦ ያየ አልነበረም። አዴ ጉዴም ከአደጋው ወዲህ ወፍጮ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም።

እኩለ ቀን ላይ ቢፍቱ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ መጣች። ጋዲሴ የጠዋቱን ነገር በጥቂት ቃል ነገረቻት። የልጅቷ ፊት ቀላ። አሁኑኑ ገብታ አጎቷን እንደምትናገረው፣ ዝም እንደማትል ማለች። ጋዲሴ በቀኝ እጇ ክንዷን ያዝ አደረገቻትና «ተይ፣ ማሰሪያውን ብቻ አጥብቂልኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ደረሱ። ኦቦ ዋቆ ረጅም፣ ጋቢያቸውን በደንብ የተከናነቡ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከብት ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የዓብዲሳ አጎት ስለሆኑ በዚህ ቤተሰብ ቃላቸው አይወድቅም። አብረዋቸው አንድ የጎረቤት ሽማግሌ አሉ። አዴ ጉዴ በልጃቸው በምትኩ ክንድ ተደግፈው መጡና አስፈጪዎች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጋዲሴ የሽማግሌዎቹንና የአማቷን ጉልበት ስማ፣ አቅፋ ተቀበለቻቸው። ቢፍቱ የማሽኑን ነገር ልታስረዳ አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ።

ወፍጮው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ጸጥ አለ። አስፈጪዎቹ አጉረመረሙ። እንግዶቹ በዱቄት በነጣው ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተያይተው ተቀመጡ። ለወትሮው እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ካልጮኸ አይደማመጥም፤ አሁን ግን የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይሰማል። ኦቦ ዋቆ በጌዶ ዝናቡ እንደቀደመ ተናገሩ። የጎረቤቱ ሽማግሌ ጊንጪ ላይ መንገዱ ተቆፍሮ አውቶብስ እንደሚያቆም፣ የማኛ ጤፍ ዋጋም ሰው የሚቀምሰው እንዳልሆነ አነሱ። «እውነት ነው» አሉ ሁሉም። ምትኩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ኦቦ ዋቆም መንገደኛ ናቸው። የመጣንበትን ጉዳይ ብንጨርስ ይሻላል።»

«መብራት እስኪመጣ ጠብቁኝ» አለች ጋዲሴ።

ሁሉም ቀና አሉ። በሽማግሌዎች ፊት ይህች ሴት ምንም ነገር ስትጠይቅ አይተዋት አያውቁም። ባሏ ሲሞት ንብረት ሲካፈሉም፣ ሆስፒታል ስትተኛም የተባለችውን ተቀብላ ነው የኖረችው። ምትኩ በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ጋዲሴ፣ እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ ነው። የሰው ዓይን አይደል እንዴ የሚያስጨንቀኝ? አንቺ እዚህ ቆመሽ እኔ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

«አውቃለሁ» አለች። እግሯ ሥር ያለውን ዱቄት አየች። «ያን ቀን አንተ ማጥፊያው አጠገብ ቆመህ ነበር፤ ከሰው ጋር እያወራህ። እኔ ጮኼአለሁ። ደጋግሜ ጮኼአለሁ። አልሰማህም።»

ምትኩ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። አዴ ጉዴ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ይህን ነገር ከአደጋው ቀን ጀምሮ ማንም አንስቶት አያውቅም፤ በሆስፒታልም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በገና ምሳ ላይም ሁሉም እየዞረው ነበር የሚያልፈው።

«አልወቀስኩህም» ቀጠለች ጋዲሴ። «ማንም ቢሆን አይሰማም። የወፍጮው ጩኸት ነው። እንዲያው የምለው፣ እኔን ቤት ማስቀመጥ ያን ጩኸት አይቀንሰውም። ነገ አንተ እዚህ ብትቆም አንተንም የሚሰማህ የለም። ልጄ የሠራችው ለዚያ ነው። አይታችሁ ፍረዱ።»

ኦቦ ዋቆ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «እንጠብቃለን» አሉ። ምትኩ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶ ገበያውን ያያል፤ ትከሻው ግን ወርዷል።

መብራት የመጣው ሰልፈኞቹ ተስፋ ቆርጠው ከረጢታቸውን ሊያነሱ ሲሉ ነው። ወፍጮው ተነሳ፣ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ ጋዲሴ ጀርባዋን ለሰዉ ሰጥታ እህል መጨመሪያውን ያዘች። ቢፍቱ ወደ ኦቦ ዋቆ ጆሮ ተጠግታ በሙሉ ድምጿ «ዻቢ ብለው ይዘዙት!» አለቻቸው። ሽማግሌው አፍረው ትንሽ ካመነቱ በኋላ ከብት እንደሚመልስ ሰው ጮኹ። ወፍጮው ሥራውን ቀጠለ። የጎረቤቱ ሽማግሌ ሞከሩ። ምትኩ ከበሩ ተመልሶ ጋዲሴ ወገብ ላይ ወዳለችው ሳጥን ተጠግቶ አንባረቀባት። በመጨረሻም ሰልፈኛው በሙሉ ነገሩ ገብቶት «ዻቢ! ዻቢ!» እያለ በአንድ ላይ ሲጮህ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ድንጋዩ አሁንም ይዞራል፤ ዱቄቱ አሁንም ይወርዳል። ያኔ ጋዲሴ፣ ዞር ሳትል፣ ትከሻዋም ሳይነሳ አንድ ነገር ተናገረች። ፍሬኑ ሲጢጥ አለ፤ ወፍጮው ቆመ። በድንገት በመጣው ጸጥታ ውስጥ አንድ አስፈጪ ብቻውን «ዻቢ!» እያለ ሲጮህ ቀረና ሰዉ ሁሉ ሳቀበት።

ምትኩ አልሳቀም። «ጥሩ ነው» አለ። «ሥራዋን አላናንቅም፤ ልጃችን ናት፣ እኮራባታለሁ። ግን ጋዲሴ ዛሬ ተረጋግታ ነው የተናገረችው። ሰው ሲያዝ እንደዚህ አይናገርም። ያኔ ድምፁ የራሱ አይደለም።»

ቢፍቱ ነገሩን በልቧ መዘነችው። እውነቱን ነው። እናቷ ሳቋን፣ ሳሏን፣ መዝሙሯን ማሽኑን አስተምራዋለች፤ ፍርሃቷን ግን ከየት ታምጣው? እናቷን አየቻት። ጋዲሴ የምትኩን ፊት አጠናች። ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ተጋድሞ የነበረውን ረጅም እንጨት አነሳች፤ ጫፉ ላይ ባዶ ከረጢት እንድትጠመጥምላት ለቢፍቱ ሰጠቻት። የቺንጋውን ሽፋን ራሷ ከፈተችው። ከአደጋው ወዲህ ያንን ሽፋን ከፍታ ወፍጮውን አስነስታ አታውቅም።

«እማ፣ ግድ የለሽም» አለች ቢፍቱ።

«አስነሺው» አለቻት።

ሞተሩ ተነሳ። ጥቁሩ ቺንጋ በዓይኗ ፊት መሮጥ ጀመረ። ያ የጎማ ሽታ፣ ያ ፊቷን የሚመታት ትኩስ ነፋስ ያው ነበር። የሌለው ግራ እጇ ሲያማት ተሰማት፣ ጣቶቿ ሁሉ። ወደ ኋላ ልትመለስ ትችል ነበር፤ ማንም አይፈርድባትም። እንጨቱን ዘረጋች። ከረጢቱ ቺንጋውን ገና ሲነካ ወፍጮው ነጠቃት፤ እንጨቱ ከመዳፏ ተመንጭቆ ሄደ፣ ከረጢቱ እየተተለተለ ወደ ውስጥ ገባ። ጋዲሴ ራሷ ከራሷ አፍ የወጣውን አላወቀችውም። ለጆሮ ቃል አይመስልም ነበር፤ ከደረቷ የተቀደደ፣ የታነቀ ነገር ነው፤ ጉሮሮዋ ግን ማሽኑ በሚያውቀው መንገድ ተርገበገበ፤ አጠገቧ የቆመችው ቢፍቱ እንኳን ምንም አልሰማችም። ፍሬኑ ያዘ። ቺንጋው ቆመ። ከረጢቱ ግማሹ ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጋዲሴ ግድግዳውን ተደግፋ ትተነፍሳለች። ምትኩ የተንጠለጠለውን ከረጢት አፍጥጦ ያያል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«ምን አልሽ?» አሏት ኦቦ ዋቆ።

«ዻቢ አልኩ።»

«እኛ አልሰማንም እኮ።»

«እናንተ አይደላችሁም መስማት ያለባችሁ» አለች ጋዲሴ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ፈገግታ መጣ። ወደ ምትኩ ዞር ብለው ሊናገሩ ሲሉ ግን አዴ ጉዴ ቀደሟቸው። አሮጊቷ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ነጠላቸው ላይ ያረፈውን ዱቄት አራገፉ፣ «ኑ እንሂድ» አሉ። «ሰዉ እህሉን ይዞ ቆሟል። ሥራዋን አስፈታናት።» ፍርዱ ይኸው ሆነ። አሮጊቷ በበሩ ሲወጡ በጋዲሴ በኩል አልፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉማጅ ክንዷን በመዳፋቸው ያዙት፤ ጥቂት ይዘውት ቆዩና ሄዱ።

ኦቦ ዋቆ ወደ ኋላ ቀሩ። የእህታቸው ልጅ ጌዶ ላይ የእንጨት ሥራ ቤት እንዳለው፣ መጋዙ ለሠራተኞቹ ሥጋት እንደሆነባቸው ለቢፍቱ አጫወቷትና እንዲህ ያለውን ለእሱም ልትሠራለት ትችል እንደሆነ ጠየቋት። ቢፍቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በእጇ ጀርባ ጠርጋ «እማን ይጠይቋት። ማሽኑን ያስተማረችው እሷ ናት» አለች። ጋዲሴ ልጇን አየቻት፤ ደረቷ ሞቀ። «ፈተናዋን ትጨርስ» አለች ለሽማግሌው፣ እንደ ትልቅ ነጋዴ ኮራ ብላ። «ከዚያ በኋላ ሁለታችንም እንመጣለን።» ምትኩ በዚህ መሃል ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ከቺንጋው ውስጥ የከረጢቱን ብጥስጣሽ ሲለቅም ነበር። ከጨረሰ በኋላ ሽፋኑን ራሱ ገጠመው፣ መጥበቁንም በእጁ ሞክሮ አረጋገጠና «ደህና ዋይ» ብሏት ወጣ። እሷም «በደህና ዋል፤ ነገ ብቅ በል» አለችው።

ወፍጮው እንደገና ተነሳ። ሰልፉ አጠረ፣ ረዘመ፣ እንደገና አጠረ። ወደ ማታ ላይ ከጊንጪ በኩል የመጣች፣ ወሬውን ያልሰማች አንዲት ሴት ገብሷን አፍስሳ ስትጨርስ የጋዲሴን አንገት አየች። ከእነ ጩኸቱ እንዲሰማላት ጠጋ ብላ፣ በሐዘኔታ «እህቴ፣ ጉሮሮሽን ምን አገኘው? አሞሽ ነው?» አለቻት።

ጋዲሴ ማሰሪያውን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«አይ፣ አላመመኝም» አለች። «ሥራ ላይ ነው።»